የታጠበችው አላድ

ሰሞኑን በሳንቲም ሰብሳቢዎች የስልክ ግሩፓችን ላይ አንድ ልጅ አዲስ የገዛትን የብር ሳንቲም ፎቶ ለጠፈ። ዳር ዳሯ ሰማያዊ ነው፤ ወደ መሐል ሲገባ ወይን ጠጅ ይሆንና እምብርቷ ላይ የገለባ ቢጫ ይይዛል። ወዲያው የእሳት ምልክት፣ የጭብጨባ ምልክት፣ «ወንድሜ፣ ከየት አገኘሃት?» የሚል ጥያቄ ተከመረባት። እኔም እንደ ልማዴ ቀለሙ በተፈጥሮ የመጣ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ማብራራት ጀመርኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሳለሁ አንዱ «ቲቸር፣ ኖት መያዝ ግዴታ ነው?» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። ስቄ ተውኩት። ፎቶውን ግን ደጋግሜ ባየው ልቤ አልረካ አለ። ስልክ ውስጥ ያለች ሳንቲም ወደ መስኮት አትዞርም፤ ዘንበል ሲያደርጓት ቀለሟ አይሸሽም፣ ቀና ሲያደርጓት አይመለስም። ያን ለማየት አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ትንፋሽን መቆጠብ ያስፈልጋል። እኛ ድሮ እንዲያ ነበር የምናደርገው።

«ድሮ» ስል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል፤ ሠላሳዎቹን ገና አላጋመስኩም። ጉለሌ ውስጥ ግን ድሮ ለመሆን ብዙ ዘመን አይፈጅም። አስተማሪነት በጀመርኩበት ሰሞን ከዊንጌት ወደ አዲሱ ገበያ የሚወስደው መንገድ ተቆፍሮ ነበር፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ነጭ ጋወኔን በፌስታል ጠቅልዬ፣ የዘመኑ ፋሽን የነበረውን ሹል ጫማዬን ለማዳን ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልኩ ነበር ትምህርት ቤት የምገባው። ማኪያቶ አምስት ብር ነበር፤ አምስት ብር ደግሞ ገንዘብ ነበር። የታክሲ ረዳቶች መልስ የሚሰጡት በሳንቲም ስለሆነ ስሙኒውንና ሽልንጉን መዳፋቸው ላይ ደርድረው እያቃጨሉ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላሉ። አዲሱ ገበያ አንድ ጥግ ላይ ሁለት የሲዲ ሱቆች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ መዝሙር፣ አንዱ የሠርግ ዘፈን ይከፍታል፤ ሁለቱም ድምፅ ማጉያቸውን በር ላይ አውጥተው ይፎካከራሉ። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው በአንድ ጆሮው ንስሐ ይገባል፣ በሌላው ትከሻውን ይነቀንቃል። ዛሬ መንገዱ ተሠርቷል፤ ሱቆቹም ስልክና የስልክ ሽፋን ይሸጣሉ። ሳንቲም የሚያቃጭል ረዳት ካየሁም ቆየሁ።

እኔ ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ከዚያው ከታክሲ መልስ ነው። አንድ ቀን ጠርዟ እንደ አበባ የተቆራረጠ የንጉሡ ዘመን ስሙኒ በስህተት ደረሰችኝና ልቤን ይዛው ቀረች። እሷን ለሰው ሳሳይ ሰው ከሰው እያገናኘኝ ከሦስት ሰዎች ጋር ተዋወቅኩ። የመጀመሪያው ጋሽ ወርቁ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ሲቆጥሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ኮፍያ የማይለያቸው፣ ቁጣቸው ቅርብ የሆነ ሰው። ሁለተኛዋ ሲስተር አበበች ናት፤ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ ጠገራ ብር ካየች ደሞዝ አይተርፋትም። ሦስተኛው ጳውሎስ፣ መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ ኳየር የሚመራ ጴንጤ ወዳጃችን ነው። ከእኔ ጋር አራት ሆንን።

የምንሰበሰበው በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በየተራ በአንዳችን ቤት ነበር። ሥርዓቱን የቀዳነው ከጽዋ ማኅበር ነው። በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከዚህ ወር ደጋሽ ቤት ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ወር ደጋሽ ቤት ይሄዳል፤ ወሩንም በክብር እዚያ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አዲስ የገዛናትን እናመጣና ሁላችንም አይተን ስናበቃ የዕለቱ ውብ የተባለችው ሳንቲም ከሚቀጥለው ተረኛ ጋር ትሄዳለች። ተረኛው በገዛ ቤቱ መስኮት፣ በገዛ ቤቱ ብርሃን አንድ ወር ሙሉ ያያታል፤ ከዚያ ለባለቤቷ በሰው ፊት ያስረክባል። «ጴንጤውን ጽዋ ተሸካሚ አደረጋችሁኝ፤ ፓስተሬ ቢሰማ ምን ይለኛል?» ይላል ጳውሎስ ተራው በደረሰ ቁጥር። ጋሽ ወርቁም «አትጠጣበትም፣ ምን አስፈራህ?» ይሉታል።

እዚህ ላይ ስለ ቀለሙ ትንሽ ማስረዳት አለብኝ፤ የኬሚስትሪ መምህር ስለሆንኩ ቢዘሉኝ ደስ አይለኝም። ብር አየር ላይ ያለች ጥቂት ድኝ ስታገኘው በላዩ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ያበቅላል። ሽፋኑ ስስ ሳለ የገለባ ቢጫ ይመስላል፤ ወፈር ሲል ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ይሆናል። የሳሙና አረፋ ላይ የምናየው ቀለምም የሚመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ቸኩሎ በእሳትና በመድኃኒት ቀለም የሚያስይዝ ሰው አለ፤ ያ ቀለም ግን ፊት ላይ እንደተለጠፈ ኩል ነው፣ ያስታውቃል። የተፈጥሮው ቀለም ከጠርዝ ተነሥቶ በዝግታ ይገባል፤ ፊደሉን ይዞራል፣ የአንበሳውን ጋማ ይከተላል። አንዴ ከታጠበ ግን አበቃ። ስለዚህ በማኅበራችን ሳንቲም የሚያብስ ሰው ቦታ አልነበረውም። አንድ ጊዜ አምስተኛ አባል ልናስገባ ሞክረን ሰውየው አንዲት መሐለቅ በሸሚዙ እጅጌ ወልወል አደረጋት። ጋሽ ወርቁ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። ዛሬም ድረስ ለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ሰላም አይሉትም።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። በአንዱ ወር ሲስተር አበበች ቤት ተሰበሰብን። እሷ ለአንገት ጌጥ ተብሎ ጆሮ የተበየደላትን ጠገራ አቀረበች፣ ጳውሎስ እንደ ማር የቀላች የመዳብ ሳንቲም አመጣ። እኔ ሌላ ስሙኒ ይዤ ነበር፣ አጨበጨቡልኝ፤ ለማበረታታት መሆኑ ገብቶኛል። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለች አላድ አወጡ። አላድ የብር ግማሽ ናት። መስኮቱ ጋ ወስደው ወረቀቱን ሲገልጡ ማንም ሳይነግረን ተነሣን።

«ትንፋሽ!» አሉ ጋሽ ወርቁ። ሁላችንም አፋችንን ያዝን።

ዘንበል አደረጓት። ከጠርዟ ሰማያዊ ተነሣ፤ ወይን ጠጅ ሆኖ አንበሳውን ዞረውና መሐል ላይ ሲደርስ ወርቅ መሰለ። መልሰው ቀና ሲያደርጓት ሁሉም ጠፍቶ ጥቁር ሳንቲም ሆነች። እንደገና ዘንበል፤ እንደገና መጣ።

«የት ኖራ ነው እንዲህ የሆነችው?» አለ ጳውሎስ በሹክሹክታ።

«አንዲት ሴትዮ ሳጥን ውስጥ፣ ከሱፍ ካፖርት ሥር። ሰው ስለረሳት ነው እንዲህ ያማረባት።»

«እኔንም የሚረሳኝ ባገኝ!» አለች ሲስተር አበበች።

«ሱፍ እኮ በተፈጥሮው ድኝ አለው፤ ስለዚህ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ደወሉ ተደውሏል፣ ዮናስ» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። ከዚያ ፊታቸው ከበድ አለ። «የሚቀጥለው ተረኛ አንተ ነህ አይደል? ስማኝ። በጣትህ አትነካትም። በጨርቅ አትጠርጋትም። አትተነፍስባትም።»

«እንደምን አደርሽ ማለትስ ይፈቀድለታል?» አለ ጳውሎስ።

«በሩቁ!»

እናቴ እትዬ አስካለ በሰፈራችን የምትታወቀው በዕቃ አመላለሷ ነው። ዊንጌት ከፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ጎረቤት ከጎረቤት ድስት፣ ሰፌድ፣ ትሪ መዋዋስ የዕለት ነው። እናቴ የተዋሰችው ዕቃ ግን ከሄደበት በልጦ ነበር የሚመለሰው፤ በአመድ ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ውስጡም ቆሎ ወይም ከግቢያችን ዛፍ የተለቀመ ሎሚ ጣል ተደርጎበት። «የሰው ዕቃ ቆሽሾም ባዶውንም ከቤቴ አይወጣም» ትላለች። አንዳንድ ጎረቤት ድስቱ ሲጠቁርበት ሆን ብሎ ያውሰናል ተብሎ ይታማ ነበር። አላዷን ይዤ የገባሁ ቀን ለእናቴ ያልኳት «ይቺ የጋሽ ወርቁ አደራ ናት፤ በወሩ ቅዳሜ እኛ ቤት ሲመጡ እናስረክባቸዋለን» ብቻ ነው። አደራ ምን ማለት እንደሆነ እናቴ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አስቀመጠቻት። እኔም ወሩን ሙሉ ጠዋት ጠዋት፣ ጋወኔን ሳልለብስ፣ መስኮቱ ጋ እየወሰድኩ አያት ነበር። እንጦጦ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ በአግድም ይገባልናል፤ ለሳንቲም ከዚያ የተሻለ ብርሃን አላየሁም።

ቅዳሜው ደረሰ። ጠዋት ትምህርት ቤት ፈተና ሳርም ቆይቼ እኩለ ቀን ላይ ቤት ስገባ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይላል። እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ዓይንህን ጨፍን» አለችኝ።

ጨፈንኩ። እጄን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችኝ።

«ክፈት!»

ነጭ ዳንቴል ላይ አንዲት ሳንቲም ተቀምጣለች። እንደ አዲስ ቆርቆሮ ታብለጨልጫለች። ሰማያዊው የለም። ወይን ጠጁ የለም። አንበሳው ራቁቱን የቀረ ይመስላል።

«አየህ? በአመድ ብሞክር አልለቅ ብላኝ ሎሚውን ጨመርኩበት። ጉዷ ስንት ነበር መሰለህ! ምስኪን ሰውዬ፣ እንዲህ ዝጋ እስክትጠቁር... ሚስት የላቸውም እንዴ?»

«አሏቸው» አልኳት።

«ታዲያ ምን ትሠራለች?»

እጇን አየሁት፤ ጣቶቿ ቀልተዋል፣ ጥፍሯ ሥር አመድ አለ። አጠገቡ በከረጢት የታሰረ ዳቦ ቆሎ ተቀምጧል፤ አደራ ባዶውን አይመለስማ። ሳንቲሟ እንደሆነ ሄዳለች፤ የትኛውም ኬሚስትሪ አይመልሳትም። የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጋሽ ወርቁ መሐለቋን የወለወለውን የዚያን ሰውዬ እጅጌ እንኳ ያልማሩ ሰው ናቸው። በገዛ ቤቷ፣ በእንግዶቿ ፊት፣ በጣም በምትኮራበት በዚያ ነገር ላይ ቢጮኹባት እናቴ ከዚያ በኋላ በማን ፊት ቀና ትላለች? የሰው ዕቃ ያበላሸች ሴት መባልን እሷ እንዴት ትሸከመዋለች? ልነግራትም ፈለግሁ፤ ደስታዋን ሳይ ተውኩት። ስለዚህ ሮጬ ወደ ታክሲ ማቆሚያው ወረድኩ። ቁጣው ካልቀረ መንገድ ላይ ይለቅ ብዬ ነው።

ጋሽ ወርቁ ከታክሲ ሲወርዱ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ነበር።

«ምን አስወረደህ? ቤቱን አላጣው።»

«ጋሽ ወርቁ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና እዚሁ ይቆጡኝ።»

«ጠፋች?»

«አልጠፋችም።»

«ወደቀች?»

«ታጠበች።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ። «በምን?»

«በአመድና በሎሚ። እናቴ ናት። የሰው ዕቃ ሳይታጠብ አይመለስም ብላ ነው። እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ፤ እሷን ግን...»

ዳገቱን ጀመሩት። እየተነፈሱ፣ መሬት መሬት እያዩ ይራመዳሉ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ።

«ሁለቱንም ፊት?»

«ሁለቱንም ፊት። ጠርዟንም።»

«ጠርዟንም!» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔም ምን እንዳሰቡ ሳላውቅ በር ላይ ደረስን።

ሲስተር አበበችና ጳውሎስ ቀድመው ገብተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይተው እንደ ተፈታኝ አንገታቸውን ደፍተዋል። እናቴ ዳንቴሉን ከነሳንቲሟ በሁለት እጇ አንሥታ፣ ጎንበስ ብላ ለጋሽ ወርቁ አቀረበች።

«እንኳን ደህና መጡ። አደራዎን ይረከቡኝ።»

ጋሽ ወርቁ ሳንቲሟን ከዳንቴሉ ላይ አንሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዘንበል አደረጓት። ምንም አልመጣም፤ ነጭ ብርሃን ብቻ ግድግዳው ላይ ተወረወረ። መልሰው ዘንበል አደረጉ። ጳውሎስ ዓይኑን ጨፈነ፤ እየጸለየ ይመስለኛል።

«እትዬ አስካለ» አሉ ሳይዞሩ። «ብዙ ደከሙ?»

«ኧረ ምን ድካም አለው! ግማሽ ቀን ነው።»

«እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

እናቴ ግራ ተጋብታ እጇን ዘረጋች። አዩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ? እኛ በየወሩ የምንሰበሰበው ያንን ያጠቡትን ቆሻሻ ለማየት ነው።»

እናቴ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ ሳንቲሟን አየች። «ቆሻሻውን?»

«ቆሻሻውን።»

«ሳንቲሟን ሳይሆን?»

«ሳንቲሟማ በየሳጥኑ አለች። ቆሻሻዋ ነው የማይገኘው። መቶ ዓመት የፈጀ ቆሻሻ ነበር።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ አስካለ! የሰው መቶ ዓመት ነው በሎሚ ያስለቀቅሁት?» ዓይኗ ሞላ። እኔ ልነሣ ስል ጋሽ ወርቁ በእጃቸው መለሱኝ።

«ቆይ፣ አያልቅሱ። ካጠቧት ምን ይደረጋል፤ ክርስትና አነሷት ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ የክርስትና ልጅዎ ናት፤ እዚሁ ትደግ።»

ጳውሎስ ዓይኑን ገለጠ። «ጋሽ ወርቁ፣ እኛ ጋ ግን አዋቂ ካልሆነ አይጠመቅም።»

«መቶ ዓመት አልፏታል እያልኩህ! ከዚህ በላይ ምን ትሁን?»

መጀመሪያ ሲስተር አበበች ፈነዳች። ከዚያ ጳውሎስ። እናቴ ዳንቴሉን ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለቅሶ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። «እናንተ ሰዎች ግን ጤነኛ ናችሁ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ሲስተር፣ አንቺ ነርስ ሆነሽ እነዚህን ዝም ትያለሽ?»

«እትዬ፣ እኔም ታማሚ ነኝ።»

«ማዕድ ቤቱ አጠገብ ያስቀምጧት» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ነጭ ሽንኩርቱም፣ ወጡም እየሸተታት ቀለሟን ቀስ ብላ ታወጣለች። እኔ ባላየው ይሄ ልጅ ያየዋል።»

«ትክክል ነው! ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ድኝ...»

«ተቀመጥ፣ ዮናስ!» አሉኝ አራቱም፤ እናቴም ጭምር።

እውነቱን ለመናገር በአመድ የታሸች ሳንቲም ዳግም ቀለም ብታወጣም ጭረቷ ከሥሩ ይታያል፤ ሰብሳቢ አይገዛትም። ጋሽ ወርቁ ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ማታ ላይ ዳቦ ቆሏቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ታክሲው ስሸኛቸው «ግን አልተናደዱም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እንዴት አልናደድ! ዳገቱን ስወጣ የምናገረውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር። እጇ ላይ ያለውን አመድ ሳየው ጠፋብኝ። ለእኔ ዕቃ ማን እንዲህ ደክሞ ያውቃል? ሚስቴ እንኳ...» ቆም አሉ። «ይሄን ለሚስቴ እንዳትነግር።»

አላዷ ዛሬም እናቴ ዘንድ ናት፤ ከማዕድ ቤቱ በር አጠገብ፣ መደርደሪያው ላይ። ጠርዟ የገለባ ቢጫ ከያዘ ሁለት ክረምት ሆነው። ጋሽ ወርቁም ዳገቱን አሁን በከዘራ እየወጡ ይጎበኟታል። ያን ዘመን ሳስብ ግን ቶሎ የሚመጣብኝ ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ የነበረው ወር ነው። ተራው የጳውሎስ ነበር። ልወጣ ስል እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ቆማለች።

«ወዴት ነው እማዬ?»

«ወደ ማኅበር።»

የገዛችው ነገር እንዳላት አልነገረችኝም። ጳውሎስ ቤት ሁላችንም አሳይተን ስንጨርስ ከመቀነቷ ፈትታ አንዲት ሳንቲም ሳህን ላይ አኖረች። አዲሱ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከምትሸጥ ሴት፣ ግማሽ ቀን ተከራክራ የገዛቻት ናት። ጥቁር ናት፤ ፊደልም መልክም አይለይባትም።

«ትንፋሽ!» አለች እናቴ። ሁላችንም ፊታችንን አዞርን።

ጋሽ ወርቁ በአክብሮት አንሥተው መስኮቱ ጋ ወሰዷት። ዘንበል አደረጉ፣ ቀና አደረጉ። አሸተቱ። ጣታቸውን አዩት፤ ጠቁሯል።

«እትዬ አስካለ፣ ቅር አይበልዎትና ይሄ የዕድሜ ቀለም አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የድስት ጥላሸት ነው፤ ከነቅባቱ። ይቺስ ትታጠብ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከጋሽ ወርቁ አፍ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ሲስተር አበበች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። እናቴ ግን ተነሥታ ሳንቲሟን ከእጃቸው ወሰደች።

«አትታጠብም!»

«ኧረ ጥላሸት ነው እልዎታለሁ! በውሃ ብቻ እንኳ...»

«አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሳሳትም» አለችና መቀነቷ ጫፍ ላይ አጥብቃ ቋጠረቻት። «መቶ ዓመት ይሙላት፤ ያኔ እንነጋገራለን።»